ባለነጠላዋና የተበላሸው ሊፍት

እኔን መንገድ ላይ ያየ ሰው ሰማይ ላይ የምትበር ሴት ናት ብሎ አይጠረጥርም። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ከሃያ ዓመት በላይ ሽንት ቤት አጽድቻለሁ፤ አሁን ደግሞ የሚያጸዱትን እቆጣጠራለሁ። ከመብረር ጋር ያለኝ ዝምድና ይኸው ነው። ልጄ ግን ገና በአሥር ዓመቷ አበረረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቷን የምተውለት ሰው ስላልነበረኝ ሥራ ቦታ ይዣት እሄድና የሠራተኞች ምግብ ቤት ጥግ አስቀምጣት ነበር። ደብተርና እርሳስ ከሰጠኋት ቀኑን ሙሉ ድምጿ አይሰማም። "ምን እየሠራሽ ነው?" ስላት "ኖቲንግ" ትለኛለች። ኖቲንግ ያለችው ነገር በኋላ ሲታይ አርባ ገጽ ኮሚክ ሆኖ ተገኘ። ጀግናዋ ቀን ቀን የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሰው ሲቸገር ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ ነጠላው ክንፍ ይሆናል፤ መወልወያዋን ይዛ ትበርና ሰባት ራስ ያለው ጭራቅ ትገጥማለች። ስሟ ባለነጠላዋ ነው። አፍንጫዋ የእኔ ነው። እንዲያውም ከእኔም ይተልቃል፤ ለዚህ እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረግሁላትም።

ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ ቢሮ ገባች። ኮሚኩን ግን አልተወችውም። እንደገና ሣለችው፣ አሳተመችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ካምደን ገበያ ጠረጴዛ ዘርግታ ትሸጠዋለች። ሰማያዊ ፀጉር ያላቸው ወጣቶች መጽሐፉን ይዘው አንዴ እኔን አንዴ አፍንጫውን ሲያስተያዩ በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ አንድ ቀን ከሥራ መጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ "እማ፣ ኮሚኩ ፊልም ሊሆን ነው!" አለችኝ። ለጀማሪ ፊልም ሠሪዎች ድጋፍ የሚሰጥ ቦታ አፕላይ አድርጋ ተቀብለዋታል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፤ ታሪኩ ማኅበራዊ ጉዳይ ይኑረው ብለዋል።

"ማኅበራዊ ጉዳይ ማለት ምን ማለት ነው?" አልኳት።

"ችግር ማለት ነው፣ እማ። ሪል ችግር።"

ወይ ዘመን! እኛ ችግራችንን ከጎረቤት ደብቀን፣ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ ቀይረን ነው የኖርነው። ለካስ አሁን ፎርም ተሞልቶ አፕላይ ይደረግበታል። "ችግርማ ሞልቷል" አልኳት፤ "የትኛውን ትፈልጊያለሽ?"

መጀመሪያ የተነሣው የጭራቁ ነገር ነው። ሰባት ራስ ያለው ጭራቅ በኮምፒዩተር ለማሠራት በጀቱ አይበቃም አለች። "አንድ ራስስ?" አልኳት። ለአንድም አይበቃም። "ታዲያ ባለነጠላዋ ከማን ጋር ነው የምትጣላው?" ልጄ እርሳሷን እየነከሰች መስኮቱን አየች፣ ጣራውን አየች፣ ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። "ከሊፍቱ ጋር" አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሊፍቱ ልናገር። የምንኖረው ለንደን ውስጥ ክላፋም፣ ዘጠኝ ፎቅ ባለው ሕንጻ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ክረምቱ መሀል ላይ ቆመ። ሕንጻውን የሚያስተዳድሩት ሀውዚንጎቹ "ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ ወረቀት ግን አርጅቶ ለቀቀ። መጥተው በአዲስ ወረቀት ተኩት። ሊፍቱን ግን የነካው የለም።

ለእኛ ሁለተኛ ፎቅ ላሉት ነገሩ ቀላል ነው። ዘጠነኛው ላይ ግን ጋሼ አሉ። ጋሼ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ለብዙ ዘመን የእድራችን ዳኛ ነበሩ። ሰው ሲሞት ዘመድ ቤት ሄዶ መርዶ የሚያረዳውን ቡድን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ሊፍቱ በቆመ በሳምንቱ ባለቤታቸው እትዬ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። የአምቡላንስ ሰዎች በወንበር ተሸክመው አወረዷቸው፤ ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ ከዚያ ካምደን ያለ ማገገሚያ ቤት ገቡ። አሁን ድነዋል። ግን ሊፍት በሌለበት ዘጠነኛ ፎቅ አትመለሺም ተብለዋል። የጋሼን ልብና ጉልበት ያየው ሐኪም ደግሞ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳይሞክሩ ከልክሏል። እትዬ መውጣት አይችሉም፤ ጋሼ መውረድ አይችሉም። ሃምሳ ሁለት ዓመት በአንድ ጣራ ስር የኖሩ ባልና ሚስት ሦስተኛ ወራቸውን ሳይተያዩ ያዙ።

ለጋሼ የምገበይላቸው እኔ ስለሆንኩ ማታ ማታ ስልክ ሲደዋወሉ እሰማ ነበር። ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ጭቅጭቅ ነው! መድኃኒትህን ዋጥክ፣ አልዋጥክም፤ አበባዬን አጠጣህ፣ አደረቅህ፤ ጨው ቀንስ ተብለሃል፣ አልቀንስም። የጋሼ ስልክ ድምፁ የሚለቀቀው እስከ መጨረሻው ስለሆነ ሰባተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች አማርኛ ሳያውቁ የጨውን ጉዳይ ያውቁታል።

ልጄ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ጋሼ አያት ሆነው ነው ያሳደጓት። ስለዚህ የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ሆነ፦ ባለነጠላዋ ዘጠኝ ፎቅ ወጥታ ሽማግሌውን ይዛ ወደ ሚስታቸው ትወስዳቸዋለች። ፊልሙን ለሀውዚንጎቹ እናሳያለን፤ አፍረው ሊፍቱን ይሠራሉ፤ እትዬ ቤታቸው ይገባሉ። ልጄ ይህን ስትናገር ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

"በመስኮት በርራ ትገባለቻ?" አልኳት።

"በደረጃ ነው የምትወጣው። ለመብረር በጀት የለም።"

"የማትበር ጀግና ምኗ ጀግና ነው? ደረጃ መውጣትማ እኔስ እወጣ የለ?"

"እማ፣ ዛት ኢዝ ዘ ፖይንት!" አለችና ጮኸችብኝ።

ባለነጠላዋን የምትሠራ አንዲት ወጣት ተዋናይ መጣች። ቀጭን ናት፤ ንፋስ ቢያገኛት በጀትም ሳያስፈልጋት ትበር ነበር። ደረጃውን ለመለማመድ ወጣች፤ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠች፤ በማግሥቱ ሌላ ሥራ ይዣለሁ ብላ መልእክት ላከች። ልጄ ስልኳን አስቀምጣ እኔን አየችኝ። እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩ። ሦስተኛ ሳትጠይቀኝ እንዳትቀር ፈርቼ ግን ወዲያው እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሰው አልነበርኩም። እውነቱን ልናገር፤ ያበድኩት በልብሱ ነው። የሚያብለጨልጭ አረንጓዴ ጠባብ ሱሪ፣ ቢጫ የጎማ ጓንት፣ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ነጠላ። መስታወት ፊት ስቆም ሆዴን አስገባና መወልወያውን እንደ ጦር አነሣለሁ። ሂትሮው ላሉት ሠራተኞቼ ሁሉ ነገርኩ። ፀጉር ቤት ቀጠሮ ያዝኩ። ፊልሙ ስለ ጋሼ መሆኑን ረስቼ ስለ እኔ አደረግሁት ብል አልዋሸሁም።

ልጄ ኮሪደሩ ላይ የሚቆሙ አሥር ጎረቤቶች ያስፈልጉኛል አለች። በለንደን ከተማ ስልክ ደውዬ አሥር ሰው ባንዴ ማሰባሰብ የምችለው በእድር ብቻ ነው። ለአሁኑ ዳኛ ደወልኩ፤ "እሑድ ማለዳ" አልኳቸው። "በእሑድ ቅዳሴ ትተን ፊልም?" ብለው ተቆጡኝ፤ ስለዚህ ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። ጋሼ በር ከፍተው ፈገግ ብለው "ግቡ" እንዲሉ ቀደም ብዬ አስጠንቅቄያቸው ነበር፤ እሑድ ብዬ ነው የነገርኳቸው። ቀኑ መቀየሩን መንገር የእኔ ሥራ ነበር። ዓርብ ዕለት ልነግራቸው አስቤ ፀጉር ቤት ገባሁ። ስወጣ ፀጉሬ አምሮ ነበር፤ ጋሼን ግን ረስቻቸዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ልጄ ለእድርተኞቹ የሰጠችው መመሪያ ይህ ነበር። ልብስ ጥቁር ይሁን፤ ቀለምና ጽሑፍ ካሜራ ይረብሻል። ከላይ ነጠላ፤ ጥለቱ ደግሞ ወደ ላይ፣ ፊት አጠገብ ይሁን፤ ያምራል። ሰዓቱ ገና ሲነጋ፤ ኮሪደሩ ላይ ፀሐይ የምትገባው ያኔ ብቻ ነው። ዝምታ፤ ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ማይክራፎን የሆድ ጩኸት ሳይቀር ይይዛል። በሩን የሚያንኳኩት ዳኛው ይሁኑ፤ ግርማ አላቸው።

አሁን ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርጋችሁ አስቡት። ጥቁር ልብስ፣ ጥለቱ ወደ ላይ የተደረገ ነጠላ፣ ንጋት፣ ዝምታ፣ ከፊት የእድር ዳኛ። ልጄ ለንደን ነው የተወለደችው፤ አይፈረድባትም። እኔስ? ሰባተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ ስንሰበስብ የእድሩ ታላቅ የሆኑት እማማ ክንዴን ይዘው፣ "ልጄ፣ ጥለት ወደ ላይ የለቅሶ አይደለም እንዴ?" ብለውኛል። "እማማ፣ ፊልም ነው! ዳይሬክተሯ ያለችውን ማድረግ ነው" ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው። ሊፕስቲኬ እንዳይነካ እየተጠነቀቅሁ ነበር።

ዘጠነኛ ፎቅ ደረስን። እኔ የምታየው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከደረጃው በር ኋላ ተደበቅሁ። እድርተኞቹ በኮሪደሩ ተሰለፉ፤ ማንም ሳያዛቸው ዳኛው ከፊት፣ ሽማግሌዎች ከጎን፣ ሴቶች ከኋላ። ልማድ ክፉ ነው። ልጄ እጇን አነሣች፤ ካሜራው ተነሣ። ዳኛው በሩን ለስለስ አድርገው ሁለት ጊዜ አንኳኩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ።

ጋሼ በፒጃማቸው ላይ ጋቢ ደርበው ከፈቱ። ዳኛውን አዩ። ጥቁሩን ልብስ አዩ። ጥለቱን አዩ። ፊታቸው ላይ ያለው ደም ሲወርድ እኔ በበሩ ቀዳዳ አየሁት።

"መቼ ነው?" አሉ።

ማንም አልመለሰም። ዝም በሉ ተብለናል አይደል?

"መቼ ነው የሞተችው?"

እማማ ማን እንደሞተ ሳያውቁ "ወይኔ!" ብለው ለቀቁት። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ዝም ብላ አትቆምም፤ ሁለተኛዋ ተቀበለቻቸው። ልጄ ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ፣ "እማ፣ ጋሼ አሜዚንግ ናቸው! እንዲህ ያለ አክቲንግ!" አለችኝ። እንግሊዛዊው ካሜራማን አውራ ጣቱን አነሣላት። እኔ ግን ገብቶኛል። ጉዴ ፈላ! መወልወያዬን ጥዬ ወጣሁ።

"ጋሼ! ጋሼ፣ ምንም የለም! ማንም አልሞተም!"

ከዚህ የከፋ ቃል መምረጥ አልችልም ነበር። መርዶ የሚያረዳ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ምንድን ነው? "ምንም የለም፣ አይዞህ፣ ትንሽ አመም አድርጓት ነው።" ጋሼ ሕይወታቸውን ሙሉ ይህንኑ ሲሉ ነው የኖሩት። ቀና ብለው አዩኝና፣ "ምንም የለም ማለትን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ" አሉኝ። "ለእኔ ነው?"

"እውነቴን ነው! እትዬ ደህና ናቸው!"

"ትንሽ አሟት ነው በይኛ!"

"አላመማቸውም! ፊልም ነው ጋሼ! እስቲ እኔን ይዩኝ፤ መርዶ ነጋሪ እንዲህ ለብሶ ይመጣል?"

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። አረንጓዴውን ሱሪ አዩ፣ ቢጫውን ጓንት አዩ። እንባቸው ወረደ። "አንቺማ ምን ታደርጊ" አሉኝ፤ "ደንግጠሽ ያገኘሽውን ለብሰሽ ነው የወጣሽው።"

ልጄ ወደ ማገገሚያ ቤቱ ደወለች፤ ድምፁን ለሁሉም ለቀቀችው። አንዲት ሴት አነሣች። እትዬን አቅርቢልን ስትላት፣ "ይቅርታ፣ አሁን ስልክ ማናገር አይችሉም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሞክሩ" ብላ ዘጋች። ጋሼ ይህችን ታህል እንግሊዝኛ ያውቃሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እነሱም ይደብቁኛል" አሉ፤ ከዚያ ጫማቸውን ፈልገው ያለ ካልሲ አጠለቁና ወደ ደረጃው ሄዱ። "ወዴት ነው?" ብላቸው "ሬሳዋን ላያት" አሉኝ።

ልጄ ያን ጊዜ ነው የገባት። ወረቀት መሰለች። የካሜራውን ዓይን በመዳፏ ሸፈነችው፤ "አጥፋው! አሁኑኑ አጥፋው!" አለች። ስክሪፕቷን መሬት ላይ ጥላ ሮጣ የጋሼን ክንድ ያዘች። ፊልም ለመሥራት አንድ ዓመት ለፍታለች፤ የቀራት ይህች አንዲት ጠዋት ነበረች፤ ግን ዞራ አላየችም።

ዳኛው የጋሼን የፕላስቲክ ወንበር ተሸከሙ። እኔ ፊት ፊት፣ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ፣ ቢወድቁ ልይዛቸው እጆቼን ዘርግቼ ወረድኩ። በየፎቁ ወንበሩን እናስቀምጣለን፤ ይቀመጣሉ፤ "ስንተኛ ነው?" ይላሉ፤ ይነሣሉ። ስምንተኛ። ሰባተኛ። ኋላችን እድርተኞቹ እያለቀሱም እየጸለዩም ይከተላሉ፤ ማን ሞቶ እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ የለም። ከስድስተኛ ፎቅ አንድ ጎረቤት በሩን ከፍቶ እኔን አየና ቶሎ ዘጋው።

አምስተኛው ላይ ጋሼ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ "ትናንት ማታ በጨው ተጣላን" አሉኝ። "ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጣልተንም ቢሆን ደህና እደሪ ሳልላት ተኝቼ አላውቅም። ትናንት ብቻ። ትናንት ብቻ ነው ያላልኳት።"

ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም። "ጋሼ፣ ይስሙኝ፤ ዛሬ ይሏቸዋል" አልኳቸው። አላመኑኝም፤ እጄን ግን ያዙት። ከነጎማ ጓንቴ ያዙት።

ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ፣ በሁለት ጉልበትና በአንድ ወንበር፣ ጋሼ ዘጠኝ ፎቅ ወረዱ። ፀሐይ ላይ ሲወጡ ዓይናቸውን ከለሉ። በካሜራማኑ ቫን፣ መብራቱና ሽቦው መሀል ተጠቅጥቀን፣ ካምደን ገባን። ከመቀመጫ የተረፉት በታክሲ ተከተሉን።

እትዬ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ፎጣ ጭንቅላታቸው ላይ ጠምጥመው ገንፎ ይበላሉ። ለካ ስልክ ያላናገሩት ፀጉራቸውን እየታጠቡ ስለነበረ ነው። ቀና ብለው አዩ። ባላቸው በጋቢ፣ ዳኛው በጥቁር፣ ከኋላ ዓይናቸው ያበጠ ሴቶች። ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ።

"ማነው?" ብለው ጮኹ። "ማነው የሞተብኝ? ወንድሜ ነው አይደል? አትደብቁኝ!"

"አንቺ ነሽ!" አሉ ጋሼ።

"እኔ ምን?"

"የሞትሽው!"

እትዬ ባላቸውን አዩ፤ ዳኛውን አዩ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። "ታዲያ ለእኔ ሳትነግሩኝ?" አሉ።

ጋሼ ተራመዱና የእትዬን እጅ ጨብጠው፣ እንደ ልጅ ስቅ ስቅ እያሉ፣ "ደህና እደሪ ሳልልሽ…" አሉ፤ መጨረስ አቃታቸው። እትዬ እጃቸውን አልነጠቁም። የባላቸውን ፊት ግን ጠጋ ብለው መረመሩት፤ "አብጠሃል። ጨውህን እየበላህ ነው" አሏቸው። እማማ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ሁለት ነርሶች ሮጠው መጡ።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ጋሼ እንባቸውን ጠርገው "አንቺ ልጅ!" ሲሉ የሚመጣው ገብቶኛል። ቀኑ መቀየሩን፣ ፀጉር ቤቱን፣ እማማን አፋቸውን ማስያዜን፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአረንጓዴ ሱሪ፣ የወረደብኝን ውርጅብኝ አልዘረዝረውም፤ ሲያንሰኝ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ጉልበታቸው ላይ ስወድቅ፣ "ጉልበቴን ተይው! ዘጠኝ ፎቅ ወርዷል" አሉኝ።

የወረደ ጉልበት ተመልሶ አልወጣም። ጋሼ የእኔ ሳሎን ገቡ። ሶፋዬን፣ ሪሞቴንና ጨው የለውም የሚሉትን ወጤን ተረከቡ። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ይዘው ካምደን ይሄዳሉ፤ ከእትዬ ጋር ፊት ለፊት ተጨቃጭቀው ይመለሳሉ። ፊታቸው ፈካ። ልጄ ግን ምንም ፊልም አልነበራትም። ካሜራው ውስጥ ያለው በር ሲከፈትና አንድ ሽማግሌ ሲሰበር የሚያሳይ ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ ያንንም ጋሼ ሳይጠይቋት አጠፋችው። ሁለት ሳምንት ክፍሏ ውስጥ ስታለቅስ በግድግዳው ሰማኋት። ሊፍቱም እንደቆመ ነው። አዲሱም ወረቀት ማርጀት ጀምሯል።

አንድ ምሽት የድምፁ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። አንገቱን እያከከ፣ ካሜራው ሲጠፋ እሱ መቅጃውን ማጥፋት ረስቶ ከኋላችን መውረዱን ተናገረ። ዘጠኙ ፎቅ ሙሉ ተቀድቷል። እርምጃው፣ ትንፋሹ፣ ወንበሩ መሬት ሲነካ፣ "ስንተኛ ነው?" የሚለው ድምፅ። ልጄ አልነካውም አለች። ለጋሼ ሰጠቻቸው። ጋሼ ሶፋዬ ላይ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ስንጠብቅ ሻያችን ቀዘቀዘ። አውልቀው ሲሰጧት፣ "ይሁን፤ አውጪው" አሏት። "አምስተኛው ፎቅ ላይ ያልኩትን ተይው፤ ይኑር። ጨው የሚለውን ብቻ ቁረጪልኝ፤ ሐኪሜ እንዳይሰማ።"

ልጄ በዚያ ድምፅ ላይ ሥዕል ሣለች። ከኮሚክ ተነሥተን ፊልም ለመሥራት ያን ሁሉ ደክመን፣ መጨረሻው ተመልሶ ኮሚክ ሆነ። ደረጃው በእርሳስ፣ ጋሼ በእርሳስ፣ ፊት ለፊታቸው እጇን ዘርግታ ወደ ኋላዋ የምትወርድ አንዲት ሴት። አትበርም፤ ጭራቅም አትገድልም። ያን ሁሉ የተሞሸርኩበት ልብስ፣ የፀጉር ቤቱ ፀጉር፣ አንዱም ፊልሙ ላይ የለም። አፍንጫዬ ግን አለ።

ፊልሙ የታየው ሕንጻችን አጠገብ ባለው የማኅበረሰብ አዳራሽ ነው። ከሀውዚንጉ አንዲት ኃላፊ መጥታ ፊት ወንበር ተቀመጠች። መብራት ሲበራ አፍንጫዋን በሶፍት እየጠረገች ነበር። ንግግር ልታደርግ ስትነሣ ጋሼ ቀደሟት። ልጄ እንድታስተረጉም ምልክት ሰጧትና፣ ያን ቀን በር ከፍተው እንደጠየቁት፣ በዚያው ድምፅ፣ "መቼ ነው?" አሏት። ሴትየዋ ወረቀቷን አጠፈችው።

በሦስተኛው ሳምንት መሣሪያ የተሸከሙ ሁለት ሰዎች መጡ። ሀውዚንጎቹ ዕቃው ስለደረሰ ነው እንጂ ከፊልሙ ጋር አይገናኝም ብለው ጻፉልን። አይገናኝ። ሊፍቱ መሥራት ጀመረ።

እትዬ በተሽከርካሪ ወንበር የመጡ ዕለት እኔም ሊፍቱ በር ላይ ነጠላዬን ለብሼ ቆሜያለሁ፤ በዚህ ጊዜ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ። ወንበሩና ጋሼ ሲገቡ ለእኔ ቦታ ጠፋ። በሩ ሲዘጋ እትዬ "አበባዬ አለ?" ሲሉ ሰማሁ። ዕቃቸውን ይዤ በደረጃ ወጣሁ። አበባው ከደረቀ ቆይቷል፤ ከአራተኛ ፎቅ ጀምሮ ስለ እሱ ነበር የሚጨቃጨቁት። ድምፃቸው ከግድግዳው ውስጥ ከእኔ ቀድሞ ወደ ላይ ሄደ። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ በራቸው ተዘግቶ ነበር፤ ውስጥ ግን ቀጥሏል። ዕቃውን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ጋሼ ዛሬም ይደውሉልኛል፤ ያመጣሽው ድንች ትንሽ ነው፣ ሽንኩርቱ በስብሷል እያሉ ይቆጡኛል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልማድ አመጡ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ይሁን በቀትር፣ ተቆጥተውም ይሁን ስቀው፣ "ደህና እደሪ" ሳይሉ ስልክ አይዘጉም። ልጄ ገና ረፋድ ነው እያለች ትስቃለች። እኔ ግን ሂትሮው መሀል፣ መወልወያ በያዙ ሠራተኞቼ ፊት ቆሜ፣ "ደህና ይደሩ፣ ጋሼ" እላቸዋለሁ።